ሁጎ ግሮትዮስ፤ የመንግሥታትን ሕግ የጻፈው ስደተኛ

ሁለት ባላገሮች በወሰን ቢጣሉ ወደ ዳኛ ሄደው ይሟገታሉ፤ የተረታውም ቢወድ በፈቃዱ ባይወድ በግድ ለፍርዱ ያድራል። ሁለት መንግሥታት በተጣሉ ጊዜ ግን ከሁለቱ በላይ ሆኖ የሚፈርድ ዳኛ ማን ነው? ፍርዱንስ የሚያስፈጽም ጭፍራ ከወዴት ይመጣል? ይህ ጥያቄ እጅግ የቈየ ነው። ብዙ ዘመን የተሰጠውም መልስ አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ዳኛው ሰይፍ ነው የሚል ነው። ይህን መልስ አልቀበልም ብሎ፥ ዳኛ በሌለበትም ስፍራ ሕግ እንዳለ፥ ጦርነትም ራሱ ከሕግ በታች እንደ ሆነ በሰፊ መጽሐፍ ያስረዳው ሰው ሁጎ ግሮትዮስ ይባላል። የተወለደው በኦላንድ አገር ነው፤ የሞተው ግን በሰው አገር ነው። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

በአገሩ ቋንቋ ስሙ ሁጎ ደ ግሮት ነው። በዚያን ዘመን ሊቃውንት መጻሕፍቶቻቸውን የሚጽፉት በሮማይስጥ ስለ ነበረ ስማቸውንም ወደ ሮማይስጥ መልሰው መጠራት ልማዳቸው ነበረ፤ ከዚህም የተነሣ ግሮትዮስ ተባለ። የተወለደው በ1583 ዓመት አፕሪል 10 ቀን፥ በትንሣኤ በዓል ዕለት፥ በዴልፍት ከተማ ነው። አባቱ ያን ደ ግሮት የከተማው ሹም የነበረና የሌይደንን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከሚያስተዳድሩት አንዱ የሆነ የተማረ ሰው ነበረ።

አገሩ በጦርነት ላይ ነበረች። ሰባቱ የሰሜን አውራጃዎች በእስፓኝ ንጉሥ ላይ ተነሥተው ለነጻነታቸው ይዋጉ ነበረ። ሕፃኑ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሲሆነው የነጻነቱ መሪ የኦራንዥ መስፍን ዊልየም በዚያችው በዴልፍት በገዛ ቤቱ ውስጥ በነፍሰ ገዳይ እጅ ሞተ። ይህ ጦርነት ሰማንያ ዓመት የቈየ ነው፤ ግሮትዮስ ከተጀመረ በኋላ ተወለደ፥ ሳያልቅም ሞተ። ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም የጻፈው ሰው በዕድሜው ሙሉ ሰላም የሆነበትን ዘመን ያየው ለጥቂት ዓመት ብቻ መሆኑን ማወቅ መጽሐፉን ለመረዳት ይጠቅማል።

ልጁ ገና በስምንት ዓመቱ በሮማይስጥ ቅኔ ይገጥም ነበረ። በአሥራ አንድ ዓመቱ ወደ ሌይደን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያም በዘመኑ የታወቀው ሊቅ ዮሴፍ ስካሊገር አስተማረው። በ1598 ዓመት የኦላንድ ታላቅ ባለ ሥልጣን የነበረው ያን ቫን ኦልደንባርነቬልት ወደ ፈረንሳይ በመልእክት ሲሄድ የአሥራ አምስት ዓመቱን ልጅ ይዞት ሄደ። አራተኛው ሄንሪ ንጉሠ ፈረንሳይ ልጁን አይቶ ለባለሟሎቹ እያሳየ እንዳደነቀው ይነገራል። በዚያው ዓመት በኦርሌያን ከተማ በሕግ ትምህርት የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ በሚከተለውም ዓመት በላሄ ከተማ ጠበቃ ሆነ። በልጅነታቸው ያስደነቁ ብዙዎች አድገው ተራ ሰው ሆነው ቀርተዋልና ስለ ልጅነቱ ከዚህ የበለጠ ባይወራ ይሻላል። ሥራው የሚመረመረው ካደገ በኋላ ባደረገው ነው።

ወደ መንግሥታት ሕግ የሳበችው አንዲት መርከብ ናት። በ1603 ዓመት በፌብርዋሪ ወር ያኮብ ቫን ሄምስከርክ የሚባል የኦላንድ መርከበኛ በሲንጋፖር አቅራቢያ ሳንታ ካታሪና የምትባለውን ትልቅ የፖርቱጋል መርከብ ማረከ። በውስጧ ሐር፥ የቻይና ሸክላና ሌላም ውድ ዕቃ ሞልቶ ነበረ። ዕቃው በአምስተርዳም ገበያ በጨረታ ሲሸጥ ከ3 ሚሊዮን ጉልደን በላይ አወጣ። ገንዘቡ ብዙ ስለ ሆነ ጠቡም ብዙ ሆነ። አንድ የነጋዴዎች ማኅበር የሌላውን አገር መርከብ ማርኮ ዕቃውን መካፈል ይገባዋልን? ከምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ባለ ድርሻዎችም አንዳንዶቹ በሃይማኖታቸው ጦርነትን የሚጠሉ ሰዎች ነበሩና ከምርኮ የመጣ ትርፍ አንወስድም አሉ።

ኩባንያው ምርኮው በሕግ የተገባ መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ እንዲጽፍለት ወጣቱን ጠበቃ ለመነው። እንግዲህ የዚህ ታላቅ ትምህርት መነሻው የንጹሕ ፍልስፍና ፍለጋ ሳይሆን የአንድ ባለጉዳይ ሙግት ነው፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። ነገር ግን ግሮትዮስ ለደንበኛው የሚበቃውን ያህል ብቻ ጽፎ አላቆመም። የምርኮ መብት ከወዴት መጣ? ጦርነትስ ለማን ይፈቀዳል? ባሕር የማን ነው? እያለ ከመሠረቱ ጀምሮ መረመረ። ጽሑፉ ትልቅ መጽሐፍ ሆነ፤ በሕይወቱ ሳለ ግን ሙሉው አልታተመም። በእጅ የተጻፈው ብራና ከቤተ ዘመዶቹ እጅ ወጥቶ የተገኘው ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በኋላ በ1864 ነው። ከዚያ መጽሐፍ አንዱ ምዕራፍ ብቻ ተለይቶ በ1609 ዓመት የጸሐፊው ስም ሳይጻፍበት ታተመ። ስሙም ነጻ ባሕር የሚል ነው።

በዚያን ጊዜ ፖርቱጋልና እስፓኝ በአንድ ንጉሥ ሥር ነበሩ። ከመቶ ዓመት በፊት የሮማ ጳጳስ በ1493 በሰጠው ደብዳቤና ሁለቱ መንግሥታት በ1494 በቶርዴሲያስ ባደረጉት ውል መሠረት የሩቁን ባሕርና የሩቁን አገር ለሁለት ተካፍለነዋል ይሉ ነበረ። ፖርቱጋሎች ከዚህ ተነሥተው ወደ ሕንድ የሚወስደው ባሕር የእኛ ነው፥ ማንም ያለ ፈቃዳችን አይሄድበትም አሉ። ግሮትዮስም መለሰ። የሰው ገንዘብ የሚሆነው ነገር ሊያዝ፥ ሊከለልና ሊጠበቅ የሚችል ነገር ነው፤ ባሕር ግን እንደ አየር ነው፥ አይከለልም፥ አንዱ ቢሄድበት ለሌላው አይጐድልበትም። ስለዚህ የሁሉ እንጂ የአንድ መንግሥት ርስት ሊሆን አይችልም። ንግድም ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዲረዳዱ የተፈቀደ ስለ ሆነ ሁለት ሕዝቦች ሊገበያዩ ሲወዱ ሦስተኛው ሊከለክላቸው አይገባም።

ከዚህ ይልቅ በዘመኑ ደፋር የነበረው ሌላው ቃሉ ነው። የምሥራቅ ሕዝቦች ክርስቲያን ባይሆኑም የገዛ ነገሥታት፥ የገዛ ሕግና የገዛ ርስት ያላቸው ናቸው፤ ሰው የሚኖርበትን አገር አገኘሁት ብሎ የራስ ማድረግ አይቻልም፤ ጳጳስም የራሱ ያልሆነውን ለሌላ ሊሰጥ አይችልም አለ። ይህ ቃል የተጻፈው የኦላንድ ነጋዴዎች ፖርቱጋሎችን አስወጥተው በስፍራቸው እንዲገቡ ለመርዳት ነው። ቢሆንም ቃል አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ለተናገረው ሰው ብቻ አይታዘዝም።

ይህንንም ራሱ ግሮትዮስ አልዘገየም፥ አየው። በ1613 ዓመት ኦላንዳውያን ስለ ምሥራቅ ንግድ ከእንግሊዞች ጋር እንዲነጋገር ወደ ለንደን ላኩት። ኦላንዳውያን በዚህን ጊዜ ቅመም ከሚበቅልባቸው ደሴቶች ሹማምንት ጋር ብቻቸውን ለመነገድ ተዋውለው ሌላውን መከልከል ጀምረው ነበረ። እንግሊዞችም ነጻ ባሕር የሚለውን መጽሐፍ አውጥተው እየጠቀሱ ንግድ ለሁሉ የተፈቀደ አይደለምን እያሉ ተከራከሩት። እርሱም ውል የገባ ሰው ውሉን መጠበቅ አለበት የሚል መልስ ፈለገ። መልሱ በሕግ በኩል ጨርሶ የማይረባ አይደለም፤ ነገር ግን በገዛ ጦሩ የተወጋ ሰው መልስ ነው። ከእንግሊዝም ወገን ጆን ሴልደን የሚባል ሊቅ ባሕር ሊከለልና የመንግሥት ርስት ሊሆን ይችላል ብሎ የጻፈው መጽሐፍ በ1635 ታተመ። ዛሬ ዓለም የሚሠራበት ሕግ ከሁለቱም ወስዷል። በ1982 ዓመት በተፈረመው የባሕር ሕግ ውል እያንዳንዱ ባለ ባሕር መንግሥት ከዳርቻው እስከ 12 የባሕር ማይል የሚገዛው ውሃ አለው፥ እስከ 200 ማይልም በዓሣውና በማዕድኑ ልዩ መብት አለው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕር ግን የሁሉ ነው። ይኸው ውል የባሕር በር የሌላቸው አገሮች በጎረቤቶቻቸው አገር አልፈው ወደ ባሕር የመድረስ መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ አፈጻጸሙን ግን ለሚያሳልፈው አገርና ለሚያልፈው አገር ስምምነት ይተወዋል።

ግሮትዮስ በዚህ መካከል በሥልጣን ከፍ ከፍ እያለ ሄደ። በ1607 የኦላንድ መንግሥት ዐቃቤ ሕግ ሆነ፥ በ1608 ማሪያ ቫን ራይገርስበርክ የምትባለውን የዜላንድ አገር ልጅ አገባ፥ በ1613 የሮተርዳም ከተማ ነገረ ፈጅ ተባለ። ገና ሠላሳ ዓመቱ ነበረ። ከዚህ በኋላ ግን የአገሩ ሰዎች በሃይማኖት ትምህርት ተለያዩ። አርሚንዮስና ጎማሩስ የሚባሉ ሁለት የሌይደን መምህራን እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ ስለ መምረጡና ስለ ሰው ፈቃድ ተከራክረው ነበረ፤ ክርክሩ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ከቤተ ክርስቲያንም ወደ ገበያና ወደ ጦር ሠፈር ገባ። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያም ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በመቀበላቸው ሕዝቡ ተከፍሎ ብዙ ደም ፈስሶ ነበር፤ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እስከ ለቀቁ ድረስ መከራው አልተቋረጠም። መንግሥትና ሃይማኖት ሲጋጩ ምን እንደሚመጣ ለማየት በዚያን ጊዜ ከአንድ አገር ወደ ሌላ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

ኦልደንባርነቬልትና ግሮትዮስ ሁለቱ ወገኖች ተቻችለው በአንድ ቤተ ክርስቲያን እንዲኖሩ ይፈልጉ ነበረ፤ በልባቸው ግን ወደ አርሚንዮስ ወገን ያዘነብሉ ነበረ። የጦሩ አዛዥ የናሳው መስፍን ሞሪስ ከሌላው ወገን ሆነ። በጠቡ ውስጥ የሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የሥልጣን ጥያቄም ነበረበት፤ እያንዳንዱ አውራጃ በራሱ ይወስናልን ወይስ ሁሉም ለጠቅላላው መንግሥት ይታዘዛል የሚል ነው። በ1617 የኦላንድ አውራጃ የራሱን ወታደር ለመቅጠር በወሰነ ጊዜ ሞሪስ ነገሩን እንደ ዐመፅ ቈጠረው። በ1618 ኦገስት 29 ቀን ሁለቱ ሰዎች ተያዙ። የሰባ አንድ ዓመቱ ሽማግሌ ኦልደንባርነቬልት፥ ለአገሩ ነጻነት ዕድሜውን ሙሉ የደከመው ሰው፥ በ1619 ሜይ 13 ቀን በላሄ አደባባይ አንገቱን በሰይፍ ተቈረጠ። ከአምስት ቀን በኋላ በግሮትዮስ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፥ ሀብቱም ተወረሰ።

በታሰረ ጊዜ እጅግ ደንግጦ ነበረ፤ ከሽማግሌው ጋር ያለውንም መተባበር ለማቃለል መሞከሩን ታሪክ ጸሐፊዎች ይነቅፉበታል። ነቀፌታው እውነት ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሆነው፥ ሕፃናት ልጆች ያሉት፥ ሞት በፊቱ የቆመበት ሰው መሆኑንም መርሳት አይገባም።

የታሰረበት ስፍራ ሎቬስታይን ይባላል፤ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት የተሠራ ዙሪያውን ውሃ የከበበው ግንብ ነው። ሚስቱና ልጆቹ አብረውት እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው። መጻሕፍትም ከወዳጆቹ በትልቅ ሣጥን እየተላኩ ይመጡለት፥ አንብቦ ሲጨርስም በዚያው ሣጥን ይመለሱ ነበረ። በዚያ እስር ቤት ሳለ ሁለት የታወቁ ሥራዎች ጻፈ። አንዱ የክርስትና ሃይማኖት እውነተኛነት የሚያስረዳ በኦላንድ ቋንቋ የተገጠመ ግጥም ነው፤ ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱ መርከበኞች በመንገድ እንዲያነቡት ብሎ ያዘጋጀው ነው፤ ኋላ ራሱ ወደ ሮማይስጥ መልሶታል፥ በ1660ም ወደ ዐረብኛ ተተርጕሟል። ሁለተኛው የኦላንድን ሕግ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። ይህ የእስረኛ መጽሐፍ ከኦላንዳውያን ሰፋሪዎች ጋር ወደ አፍሪካ ደቡብ ወርዶ፥ በደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤቶች እስከ ዛሬ ከሚጠቀሱት የሕግ ምንጮች አንዱ ሆኖ ይኖራል።

ጠባቂዎቹ በመጀመሪያ ሣጥኑን በመጣና በሄደ ቍጥር ከፍተው ይመረምሩ ነበረ። ወራት ሲያልፉ፥ መጽሐፍና የሚታጠብ ልብስ ብቻ ሲያገኙ ሰለቻቸውና መክፈቱን ተዉት። ይህን ያስተዋለች ማሪያ ናት። ባሏን በሣጥኑ ውስጥ እንዲተኛ አድርጋ፥ እየዘጋችበት፥ ሳይንቀሳቀስ ምን ያህል ጊዜ ሊቈይ እንደሚችል ደጋግማ አለማመደችው። ሣጥኑ ከቁመቱ ያጠረ ስለ ሆነ ተጣጥፎ መተኛት ነበረበት፤ አየርም የሚገባው በቍልፉ ቀዳዳ ነበረ። የግንቡ አዛዥ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ የሄደበትን ቀን ጠብቃ ለአዛዡ ሚስት ባሏ ንባብ በማብዛቱ እንደ ታመመና መጻሕፍቱን ልትመልስበት እንደምትፈልግ ነገረቻት።

በ1621 ዓመት ማርች 22 ቀን ግሮትዮስ ከሣጥኑ ገባ። ወታደሮቹ ሲያነሡት ከባድ ሆነባቸውና ሰው ያለበት ይመስላል እያሉ ቀለዱ፤ ማሪያም የሊቃውንት መጻሕፍት ከባድ ናቸው በማለት በቀልድ አሳለፈችው ይባላል። ኤልስየ ቫን ሐውዌኒንግ የምትባል ወጣት አገልጋይ ከሣጥኑ ጋር በጀልባ ተሻገረች። የነገሩ ፍጻሜ በእርሷ ላይ ነበረ፤ ፊቷ ቢለወጥ ወይም አንዲት ቃል ብታመልጣት ሁሉም ያልቅ ነበረ። ጀልባው በማዕበል ሲናወጥ ሣጥኑ እንዳይወድቅ በገመድ እንዲታሰር ጠይቃ በጎርኩም ከተማ ወደ ወዳጆቹ ቤት አደረሰችው። ግሮትዮስ በዚያ ከሣጥኑ ወጣ፤ የግንበኛ ልብስ ለብሶ የግንበኛም መሣሪያ ይዞ በሰው መካከል አልፎ ወደ አንትወርፕ፥ ከዚያም ወደ ፓሪስ ደረሰ። ማሪያ በግንቡ ቀርታ ባሏ ታሞ ተኝቷል እያለች ጊዜ ገዛችለት፤ በመጨረሻ እውነቱን ገለጠች። ሹማምንቱ ተቈጡ፥ ነገር ግን ሚስት ባሏን በማዳንዋ መቅጣት አፈሩና ብዙም ሳይቈይ ለቀቋት። የግሮትዮስን መጻሕፍት የሚያደንቅ ሁሉ ለእነዚህ ለሁለት ሴቶች ዕዳ አለበት፤ እነርሱ ባይኖሩ ዋነኛው መጽሐፉ አይጻፍም ነበረ።

በፓሪስ ንጉሥ አሥራ ሦስተኛው ሉዊ በዓመት 3,000 ሊቭር ቀለብ ወሰነለት፤ የንጉሥ ቃል ግን ከንጉሥ ግምጃ ቤት ይፈጥናልና ገንዘቡ በጊዜው አይከፈለውም ነበረ። በችግርና በስደት ሆኖ በ1625 ዓመት ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም ሕግ የሚለውን መጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ በጀርመን አገር ሠላሳ ዓመት የቈየው ጦርነት በሰባተኛው ዓመቱ ላይ ነበረ፤ ወታደሮች ደመወዝ ሲያጡ ባላገሩን ይዘርፉ፥ ከተማ ያቃጥሉ ነበረ። ግሮትዮስ አረመኔዎች እንኳ የሚያፍሩበት ጦርነት በክርስቲያኖች መካከል ሲደረግ በማየቱ ለመጻፍ መነሣቱን ራሱ በመቅድሙ ገልጧል።

መጽሐፉ የቆመበት መሠረት ይህ ነው። ሰው ብቻውን ሊኖር የተፈጠረ አይደለም፤ ከሰው ጋር በሰላምና በሥርዓት ለመኖር የሚፈልግ ባሕርይ አለው። ከዚህ ባሕርይ የሰውን ገንዘብ አለመንካት፥ ቃልን መጠበቅ፥ የበደሉትን መካስ የሚሉ ሕጎች ይወጣሉ። እነዚህ ሕጎች በልብ የተጻፉ ናቸውና እግዚአብሔር የለም ብሎ ለሚያስብ ሰው እንኳ የጸኑ ናቸው አለ፤ እንዲህ ማሰብ ታላቅ ኃጢአት መሆኑንም ወዲያው ጨምሮ ተናገረ። ይህን የጻፈው ሃይማኖተኛ ሰው ስላልነበረ አይደለም። ካቶሊክና ፕሮቴስታንት፥ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ሕግ እንዲገናኙ ከተፈለገ፥ ሕጉ በአንዱ ወገን ሃይማኖት ላይ ብቻ ሊቆም እንደማይችል ስላወቀ ነው። ክርስቲያን ካልሆነ መንግሥት ጋር የተደረገ ውልም እንደ ማንኛውም ውል መከበር እንዳለበት አስረዳ።

ጦርነትን ፈጽሞ አልከለከለም። ጦርነት የሚጀመረው ክስ በሚያስነሣ ምክንያት ነው፤ ፍርድ ቤት በሚያልቅበት ስፍራ ጦርነት ይጀምራል ብሎ አሰበ። የተገቡ ምክንያቶችም ራስን ከጥቃት መከላከል፥ የተወሰደን ማስመለስና የበደለን መቅጣት ናቸው። ጎረቤቴ ስለ በረታ እፈራዋለሁ፥ ወይም የተሻለ መሬት እፈልጋለሁ፥ ወይም ያ ሕዝብ ሊገዛ የተፈጠረ ነው ማለት ግን ምክንያት አይሆንም። ጦርነት ከመጀመሩም በፊት በግልጥ ይታወጅ። አምባሳዶር በጠላቱም አገር ቢሆን አይነካ። መርዝ በጦርነት እንዳይሠራበት የመንግሥታት ሕግ ከልክሏል። ሕጻናት፥ ሴቶች፥ ሽማግሌዎች፥ ካህናት፥ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ይራሩላቸው። ሕግ የፈቀደውን ሁሉ ማድረግ አይገባም የሚለው ምዕራፍ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ የሕግ ሰው ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ሲመሰክር ይታያልና።

የመንግሥታት ሕግ አባት ብለው የሚጠሩት ብዙዎች ናቸው። ይህ ስም የቀደሙትን ይበድላል። የእስፓኙ መምህር ፍራንሲስኮ ዴ ቪቶሪያ የአሜሪካ ሕዝቦች የርስታቸው ጌቶች መሆናቸውን ከእርሱ ቀድሞ አስተምሮ ነበረ፤ አልቤሪኮ ጀንቲሊ የሚባለውም ኢጣሊያዊ ስደተኛ በኦክስፎርድ ሆኖ ስለ ጦርነት ሕግ ጽፏል። የግሮትዮስ ሥራ የተበታተነውን ሰብስቦ በአንድ ሥርዓት ማቆሙ ነው። ጉድለትም አለበት። በዘመኑ ልማድ ምርኮኛን ባሪያ ማድረግን የመንግሥታት ሕግ ይፈቅደዋል ብሎ ጽፏል። የተፈጥሮን ሕግ እጅግ የሚተላለፉ ሕዝቦችን ሌላ ንጉሥ ሊቀጣቸው ይችላል ማለቱም ቅኝ ገዢዎች እንደ ወደዱት የሚከፍቱት በር ሆኖ ቀረ። እርሱ ከሣጥን ወጥቶ ነጻ በሆነበት በዚያው በ1621 ዓመት፥ በብዕሩ ያገለገለው ኩባንያ በባንዳ ደሴቶች ስለ ቅመም ንግድ ከነዋሪው ሕዝብ አብዛኛውን ፈጀ፥ የተረፈውንም አፈለሰ።

መጽሐፉ ከታተመ በኋላ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ከተከለከሉ መጻሕፍት ጋር ቈጠረችው፥ ከሁለት መቶ ዓመት በላይም አልፈታችውም። የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ግን በጀርመን ሲዋጋ ከእጁ አይለየውም ነበረ ይባላል። ግሮትዮስ በ1631 አገሩ ትቀበለው እንደ ሆነ ብሎ ወደ ኦላንድ ተመለሰ፤ ምሕረት ለምን አልልም በማለቱ እንዲያዝ ታዘዘና በ1632 ዳግመኛ ተሰደደ። በ1634 የስዊድን መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ኦክሰንስቴርና በፈረንሳይ አምባሳዶር አድርጎ ሾመው። አሥር ዓመት በዚህ ሥራ ቈየ። ስለ መልእክተኞች ክብር የጻፈው ሊቅ በመልእክተኛነት እምብዛም አልተሳካለትም፤ ካርዲናል ሪሽልዮ አልወደደውም፥ እርሱም በአምባሳዶሮች የመቀመጫ ማዕርግ ክርክር ብዙ ጊዜ አጠፋ፥ ልቡም የተለያዩትን አብያተ ክርስቲያናት ለማስታረቅ በሚጽፋቸው መጻሕፍት ላይ ነበረ። ማስታረቁም ከሁሉም ወገን ነቀፌታ ብቻ አተረፈለት።

በ1645 ንግሥት ክርስቲና አስጠራችው። በመንገዱ በአምስተርዳም ሲያልፍ ሕዝቡ በክብር ተቀበለው፤ ከሃያ አራት ዓመት በፊት በሣጥን የወጣበት አገር ነው። ንግሥቲቱ በስዊድን እንዲቀመጥ ብትጠይቀውም አልወደደምና በኦገስት ወር በመርከብ ተነሣ። ማዕበል መርከቡን መትቶ በባልቲክ ዳርቻ ጣለው። በዝናብና በብርድ በክፍት ሠረገላ ብዙ ቀን ተጕዞ ሮስቶክ ከተማ ሲደርስ ደክሞ ነበረ፤ ኦገስት 28 ቀን በስድሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1648 ዌስትፋሊያ በሚባለው አገር የሠላሳው ዓመት ጦርነት በውል አለቀ፤ እስፓኝም የኦላንድን ነጻነት በዚያው ዓመት ተቀበለች።

ሕጉ ግን ከዚያ ወዲያም ጠባቂ ጭፍራ አላገኘም። ኢጣሊያ በ1935 ኦክቶበር 3 ቀን ጦርነት ሳታውጅ ኢትዮጵያን ወረረች፤ በ1925 በጄኔቭ የተከለከለውን የመርዝ ጋዝም በሕዝቡ ላይ አፈሰሰች። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ኢጣሊያ ውሏን አፍርሳለች ብሎ ፈረደ፥ ፍርዱን ግን አላስፈጸመም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ጁን 30 ቀን በጄኔቭ ቆመው ያቀረቡት አቤቱታ ግሮትዮስ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በጻፋቸው ነገሮች ሁሉ ላይ የተመሠረተ ነበረ፤ የውል መከበር፥ ያልታወጀ ጦርነት፥ መርዝ፥ የትንሹ መንግሥት ከትልቁ ጋር መተካከል። ሕጉ በዚያ አዳራሽ ነበረ፤ ያልነበረው የሚፈጽመው ነው።

በ1899 በላሄ የሰላም ጉባኤ በተደረገ ጊዜ የአሜሪካ መልእክተኞች ጁላይ 4 ቀን ወደ ዴልፍት ሄደው በመቃብሩ ላይ የብር አክሊል አኖሩ። ከዚያ ጉባኤ የመንግሥታት የግልግል ዳኝነት ፍርድ ቤት ተወለደ፤ ኢትዮጵያና ኤርትራም በ2000 በአልጀርስ ከተዋዋሉ በኋላ የወሰናቸውን ነገር የመረመረው ኮሚሲዮን በዚሁ ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት እየተረዳ በላሄ ተቀምጦ በ2002 ውሳኔውን ሰጥቷል።

ግሮትዮስ የተቀበረው በተወለደባት በዴልፍት፥ አዲሲቱ በምትባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ያሳሰረው መስፍን ሞሪስም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል። ያመለጠበትን ሣጥን በተመለከተ በአምስተርዳም ያለው ቤተ መዘክር እውነተኛው የእኔ ነው ይላል፤ የዴልፍቱ ቤተ መዘክርም እውነተኛው የእኔ ነው ይላል፤ በሎቬስታይን ግንብም አንድ ሣጥን ለጐብኚ ይታያል። ይህን ክርክር እስከ ዛሬ የቈረጠ ዳኛ የለም።